ስንቅ የሌለበት ትምህርት ቤት፦ የታዳጊዎች አስቂኝ ፊልምና የዋግ ኽምራ ተማሪ



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀለል ያለ መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ወዲህ ሁለት ባልደረቦቼ «ፍቅር እስከ መቃብርን ትተህ ስለ ፈረንጅ ጎረምሶች ልትነግረን ነው?» ብለውኛል። መልሴ አጭር ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህር ተማሪዎቹ እንዲያነቡ የሚፈልገውን ብቻ ሳይሆን፣ ማንም ሳያዝዛቸው ሌሊቱን ቁጭ ብለው የሚያዩትንም ማወቅ ይገባዋል። ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ዕጩ መምህራንን ለመከታተል ለዓመታት ወደ ሰቆጣ ተመላልሻለሁ፤ በትምህርት ቤቶቹ ግቢ በዕረፍት ሰዓት ከምሰማው ወሬ ውስጥ የፊልም ወሬ የማይጠፋበት ቀን የለም። (ከዚህ በታች የፊልሞችን ዓመት የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ጉዳይ ደግሞ በእኛው አቆጣጠር እንደሆነ ልብ በሉልኝ።)

በመጀመሪያ ፊልሙ እንዴት እንደሚደርስ እንይ። ሰቆጣ ላይ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እነዚህን ፊልሞች የሚያየው ሲኒማ ቤት ገብቶ አይደለም። ከጓደኛው ስልክ ወደ ስልኩ አሻግሮ፣ ከፍላሽ ገልብጦ፣ ኔትወርኩ ሲፈቅድም ከቴሌግራም አውርዶ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያየው «ትርጉም ፊልም» የምንለውን ነው። አንድ ተራኪ በሥዕሉ ላይ በአማርኛ እየተናገረ ታሪኩን ያስኬደዋል፤ ያልገባውን ይዘልላል፣ ከራሱ ቀልድ ይጨምራል፣ የካሊፎርኒያውን ልጅ በአዲስ አበባ ሰፈር አንደበት ያናግረዋል። አፉን በኽምጣና ለፈታ ልጅ ደግሞ ይህ አማርኛ ራሱ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዋግ የሚደርሰው ሁለት ጊዜ ተሻግሮ ነው። በሁለቱም መሻገሪያ ላይ የሚለወጠው ቃሉ ነው፤ ሥዕሉ እንዳለ ይደርሳል፦ ሰፊው ኮሪደር፣ በግድግዳው ላይ የተደረደረው ባለ ቁልፍ ሎከር፣ በራሱ መኪና ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ።

«እነዚህ ፊልሞች የትምህርት ቤትን ሕይወት በእውነተኛ መልኩ አያሳዩም» የሚለው ክስ አዲስ አይደለም። አሜሪካውያኑ ራሳቸው ሲያነሡት ኖረዋል፤ በማስረጃም በኩል ቀላል ነው። በ1978 የወጣውን «ግሪስ» ውሰዱ። ቀረጻው ሲካሄድ የትምህርት ቤት ተማሪ ሆነው የተጫወቱት ጆን ትራቮልታ 23፣ ኦሊቪያ ኒውተን ጆን 28፣ ስቶካርድ ቻኒንግ 33 ዓመታቸው ነበር። ምክንያቱ የጥበብ ብቻ አይደለም፤ የሥራ ሕግም አለበት። በካሊፎርኒያ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተዋናይ በቀን የሚሠራበት ሰዓት የተገደበ ነው፤ በቀረጻው ቦታም መምህር ሊቀርብለትና ሊማር ይገባል። ለአዘጋጁ ዐዋቂ መቅጠር ይቀልለዋል፤ ሕጉ ልጆችን ለመጠበቅ የወጣ መልካም ሕግ ሆኖ ሳለ፣ በተዘዋዋሪ የአሥራ አራት ዓመት ተመልካች የራሱን ሰውነት ከሠላሳ ዓመት ሰው ሰውነት ጋር እንዲያስተያይ አድርጎታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሆኖም ዋናው ነገር ስላልሆነ አልቆይበትም። ዕድሜም፣ ሎከርም፣ መኪናም ቢሆኑ ተመልካቹ «ፊልም ነው» ብሎ የሚያልፋቸው ናቸው። የሰቆጣ ተማሪ ሞኝ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ በፊልሙ ውስጥ ያለው ሳይሆን የሌለው ነው።

ከምግብ ልጀምር። በ2004 የወጣው «ሚን ገርልስ» ውስጥ ሁላችሁም የምታስታውሱት ትዕይንት አለ። አዲስ ለገባችው ተማሪ የካፍቴሪያው ካርታ ተሥሎ ይሰጣታል፤ የትኛው ቡድን በየትኛው ጠረጴዛ እንደሚቀመጥ ያሳያል። በዚህ ካፍቴሪያ ውስጥ ጥያቄው «ከማን ጋር ልቀመጥ?» ነው። «ምን ልብላ?» የሚል ጥያቄ የለም፤ ምግቡ የጀርባ ቁሳቁስ ነው፤ ትሪ ላይ ተቀምጦ ይዞራል፤ አንዳንዴም ይወረወራል።

ከሰቆጣ ዙሪያ ቀበሌዎች የሚመጣው ተማሪ ግን ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሰዓታት በእግር ተጉዘው ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ እሑድ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ ተሸክመው ይመለሳሉ። ይህ ስንቅ ነው። እንጀራው እስከ ረቡዕ ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ይሻግታል፤ ብልህ የሆነው ቀድሞ አድርቆ ድርቆሽ አድርጎታል። ሐሙስና ዓርብ የቆሎ ቀናት ናቸው። የማን እናት ሽሮ እንደሚጣፍጥ፣ የማን ስንቅ ቀድሞ መበላት እንዳለበት፣ የዚህ ሳምንት ውኃ የመቅዳት ተራ የማን እንደሆነ፣ «ሆዴን አሞኛል» ብሎ ከተራው ያመለጠው ማን እንደነበረ፣ ይህ ሁሉ በዚያች ክፍል ውስጥ ሕግ አለው፤ ዳኛ አለው፤ ይግባኝም አለው። የሚያስቅ ነገር እዚህ ውስጥ ሞልቷል። ነገር ግን ሣቁ የሚነሣው ከእጥረት ነው። የሰቆጣ ስም በአገሪቱ ፖሊሲ ውስጥ የገባውም በዚሁ በምግብ ጉዳይ መሆኑን አስታውሱ፤ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። ስለዚህ ከዚህ የሚነሣ ልጅ ያንን ካፍቴሪያ ሲያይ ቀልዱ አይገባውም ማለቴ አይደለም። ቀልዱ ይገባዋል፤ የማይገባው ስለ ምግቡ ማንም አንዲት ቃል አለመተንፈሱ ነው። አንድ ተማሪ ስለዚያው ትዕይንት ስጠይቀው «የተረፈውን ምን ያደርጉታል?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። በፊልም ሒስ መጻሕፍት ውስጥ ይህን ጥያቄ አላገኘሁትም።

«ሚን ገርልስ»ን ካነሣሁ አይቀር ሳልለው የማላልፈው ነገር አለ። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ኬዲ፣ ወደዚያ ትምህርት ቤት የምትመጣው ከአፍሪካ ነው። ወላጆቿ የእንስሳት ተመራማሪዎች ናቸው፤ አሥራ ሁለት ዓመት አፍሪካ ኖራለች፤ እቤት ውስጥ ተምራለች፤ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። የገበያ አዳራሹ ውስጥ ወጣቶቹን ስታይ ውኃ ዳር የተሰበሰቡ አራዊት ሆነው ይታዩአታል። ደራሲዋ ቲና ፌይ ልትሣለቅበት ያሰበችው በአሜሪካውያኑ ላይ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ሥላቁም ሰምሮላታል። ነገር ግን ቀልዱ እንዲሠራ አፍሪካ ትምህርት ቤት የሌለበት ቦታ መሆን አለበት። ቀልዱ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ሰቆጣ ላይ ደንብ ልብሱን አጥቦ ለሰኞ የሰቀለው ልጅ ይህን ሲያይ፣ ከፊልሙ ውስጥ የት ነው ያለው? ከካፍቴሪያው ካርታ ውጪ ብቻ አይደለም፤ ከነጭራሹ አራዊቱ በሚጠጡበት ኩሬ አካባቢ ነው።

አሁን ወደ መቅረት እንለፍ። በእኛ ትምህርት ቤት «ቀሪ» የሚለው ቃል ክብደት አለው። በ1986 የወጣው የጆን ሂውዝ «ፌሪስ ቡለርስ ዴይ ኦፍ» ሙሉ በሙሉ የተሠራው ከዚህ ቃል ነው ማለት ይቻላል። ፌሪስ የታመመ መስሎ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ በጓደኛው አባት ፌራሪ ቺካጎን ይዞራል። የተማሪዎች ዲኑ «ዘጠኝ ቀን ቀርቷል» ብሎ ለእናቱ በስልክ ሲናገር፣ ልጁ ከመኝታ ክፍሉ በኮምፒውተር ገብቶ ዘጠኙን ወደ ሁለት ይለውጠዋል። ቁጥሩ ከዲኑ ዐይን ፊት ይቀንሳል። ይህን ትዕይንት ለተማሪዎቼ ባሳየሁ ቁጥር አዳራሹ በሣቅ ይሞላል፤ እኔም እሥቃለሁ፤ የተዋጣለት ነው።

ነገር ግን የዋግን «ቀሪ» እዩት። የመኸር ወቅት ሲደርስ እጅ ያስፈልጋል። ወላጅ ለሴፍቲኔት ሥራ ሲወጣ ፍየሎቹን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። የገበያ ቀን አለ። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ደግሞ ታላቅ ወንድም የሰሊጥ ሥራ ፍለጋ ወደ ሑመራ ወይም ወደ መተማ ይሄዳል፤ የእሱን ቦታ ታናሹ ይሸፍናል። እዚህ መቅረት ነፃነት አይደለም፤ መቅረት ሥራ ነው። ፌሪስ ከትምህርት ቤት አምልጦ ወደ ሕይወት ይሄዳል፤ የዋግ ልጅ ከሥራ አምልጦ ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል። የቀረበትንም ቀን በኮምፒውተር የሚቀንስለት የለም፤ በስም መጥሪያው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው። ከዚያም በላይ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ሲገባና እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስ፣ ቀሪው ተማሪው ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ራሱ ነበር። ከዚያም በኋላ ከአበርገሌና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በነበሩበት ከተማ፣ ትምህርት ወደ ቀድሞው መልኩ በአንድ ቀን አልተመለሰም። ያንን ዓመት የት አገባችሁት ብዬ የጠየቅኋቸው ተማሪዎች አብዛኞቹ ትከሻቸውን ነቅንቀው አልፈውታል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በዚሁ ዘር ውስጥ ሥራን የማይረሳ ፊልም አለ። ካሜሮን ክሮው በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ ተማሪ መስሎ ወደ አንድ የሳን ዲዬጎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ፤ ያየውን በ1981 በመጽሐፍ አወጣ፤ በ1982 ደግሞ «ፋስት ታይምስ አት ሪጅሞንት ሃይ» ተብሎ ፊልም ሆነ። ከሌሎቹ የሚለየው ልጆቹ ሥራ ያላቸው መሆኑ ነው፤ በገበያ አዳራሽ ያስተናግዳሉ፣ በፈጣን ምግብ ቤት ይሠራሉ፣ ይባረራሉ። እዚያ ሄዶ ያየ ሰው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል። ከዘመነኞቹ ፊልሞች ሁሉ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ በሥነ ምግባር በኩል ግን ለትምህርት ቤት ግቢ የሚመከር እንዳልሆነ ባልደረቦቼ ሳያስታውሱኝ እኔው ልበል።

ሦስተኛው የሌለ ነገር ፈተና ነው። የአሜሪካው ታሪክ የሚጠናቀቀው ፕሮም በሚሉት የጭፈራ ምሽት ነው፤ ውጤት ማንም አይጠይቅም። የእኛ ተማሪ ታሪክ የሚጠናቀቀው በአውቶቡስ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ፍራሹን ጠቅልሎ ፈተናውን ለመውሰድ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይጓዛል። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2፤ ከዚያም 5.4። ቁጥሮቹን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ የምደግማቸው ለትችት አይደለም። አብዛኛው ተማሪ በማይሻገረው በር ፊት ለፊት የሚኖር ልጅ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል በሩ የሌለበት ትምህርት ቤት ውስጥ መግባት ለምን እንደሚጣፍጠው እንዲገባችሁ ነው። ይህ ከስንፍና የሚመጣ አይደለም። እኔ ዕረፍት እለዋለሁ።

ፈተናን ከቀልድ ጋር ማጋባት እንደማይቻል የሚያስብ ካለ፣ በ2009 የወጣውን የሕንድ «ስሪ ኢዲየትስ» ይመልከት። ታሪኩ በምሕንድስና ኮሌጅ ውስጥ ነው እንጂ በሁለተኛ ደረጃ አይደለም፤ በአርባዎቹ ዕድሜ የነበረው አሚር ካንም ተማሪ ሆኖ ሲጫወት የዕድሜውን ጉዳይ ከ«ግሪስ» አብልጦታል። ሆኖም የድኻ ቤተሰብ ዕዳ አለ፤ ልጁ መሐንዲስ እንዲሆን ሁሉን የሰጠ አባት አለ፤ ሽንፈቱን መሸከም ያቃተው ተማሪ አለ። ሰቆጣ ላይ ይህን ፊልም ያየ ተማሪ ሲነግረኝ ገጸ ባሕርያቱን በስም አይጠራቸውም፤ «አባቱ የታመመበት ልጅ» እያለ ነው የሚተርከው። የሚያውቀውን ሰው እንደሚያስታውስ ሰው።

ስለ ሴት ተማሪዎች አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በ1999 የወጣው «ሺስ ኦል ዛት» ውስጥ ልጅቱ መነጽሯን አውልቃ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ከደረጃ ስትወርድ ሕይወቷ ይለወጣል። በብዙ እንዲህ ባሉ ፊልሞች የሴት ልጅ አደጋ አለመታየት ነው። በእኛ አካባቢ ግን የሴት ልጅ አደጋ አንዳንድ ጊዜ መታየት ራሱ ነው፤ አደገች ተብላ በዐይን መግባቷ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ጾታ 18 አደረገው። ሕጉ ከወረቀት ወደ መንገዱ ለመውረድ ምን ያህል እንደሚዘገይ ያየነው በዘረሰናይ ብርሃኔ መሓሪ «ድፍረት» ፊልም ነው፤ በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። እዚያ ያለችው የ14 ዓመት ልጅ የምትጠለፈው ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ያለው መንገድ! በአሜሪካው ፊልም ይህ መንገድ ሙዚቃ የሚከፈትበት ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ፊልሞቹን ለመኮነን አይደለም። እነዚህ ፊልሞች አንድ እውነት ይዘዋል፤ በሰው ፊት የመዋረድን ፍርሃት። ሎከሩ የእኛ አይደለም፤ ፍርሃቱ ግን የእኛም ነው። ሰቆጣ ላይ ደንብ ልብስ ሁሉንም አንድ ያስመስላል፤ ጫማ ግን ይለያል። የከተማው ልጅና ከገጠር የመጣው ልጅ በጫማቸው ይተዋወቃሉ፤ ካልሆነም በአነጋገራቸው። አማርኛው ውስጥ የኽምጣና ቃና የሚሰማበት ልጅ እጁን አውጥቶ ለመመለስ ሁለት ጊዜ ያስባል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ ሁሉም እኩል ዝም ይላል። ያ የካፍቴሪያ ካርታ ለእኛ ተማሪዎች የሰጣቸው ነገር ቢኖር፣ ይህን የመለያየት ሥርዓት በግልጽ የመሣል ድፍረት ነው። አንድ ዕጩ መምህር ተማሪዎቹን የራሳቸውን ግቢ ካርታ እንዲሥሉ አዝዟቸው ነበር፤ በቧንቧው አጠገብ፣ ከዛፉ ሥር፣ በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ዙሪያ ማን እንደሚቆም። ርእሰ መምህሩ ሥዕሉን አይተው ብዙ ሰዓት ዝም አሉ ብሎ ነገረኝ።

ታዲያ የራሳችን የተማሪ ቀልድ የት ሄደ? ባዶ ሜዳ ላይ አልቆምንም። የቆሎ ተማሪ ቀልድ የተማሪ ቀልድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እያባረረ ቁራሽ የሚለምነው ያ ልጅ ከአገሩ ርቆ የሚማር፣ የሚራብ፣ መምህሩን የሚፈራ፣ በቅኔ የሚበቀል ተማሪ ነው። ስለ አለቃ ገብረ ሃና የሚወራው ሁሉ የዚሁ ዓለም ቅጥያ ነው። በዚያ ቀልድ ውስጥ ምግብ አለ፤ ርቀት አለ፤ ፈተናም አለ። ሰቆጣ ላይ ቤት የተከራየው ባለ ስንቅ ተማሪ የዚህ ልጅ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አኩፋዳው ፌስታል ሆነ እንጂ።

ዘመናዊውም ትምህርት ቤት ቢሆን ቀልድ አላጣም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ ወደ ክፍሎቻችን ሲገባ ትምህርቱ ከደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣ ነበር። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አለ፦ የስክሪኑ መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከክፍሉ አንድም ሰው አልተነፈሰም፤ መምህሩ ግን ፈገግ ብሎ «ጎበዝ፣ ትክክል ነው!» ብሎ ይቀጥላል። የክፍሉ መምህር ጥግ ይዞ ቆሟል። ጆን ሂውዝ ይህን ቢያገኝ ኖሮ ሌላ ነገር አይፈልግም ነበር። እኛ ግን በእጃችን ይዘነው ሃያ ዓመት አለፈ፤ የአማርኛ አስቂኝ ፊልሞቻችን በአብዛኛው በአዲስ አበባ ሳሎኖችና ካፌዎች ሲዞሩ ከረሙ። ለዚህ ፊልም ሠሪውን ብቻ አልወቅስም። ገንዘቡም፣ ሲኒማ ቤቱም፣ ትኬት ቆራጩም ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ካሜራ ጭኖ ሰቆጣ መድረስ በሰላሙም ጊዜ ቀላል አልነበረም።

በዚህ መንፈቅ የጽሕፈተ ተውኔት ተማሪዎቻችን የሚጀምሩት ሥራ አለ፤ የአሥር ደቂቃ የፊልም ጽሑፍ፣ ቦታው አንዲት የኪራይ ክፍል፣ ጊዜው ሐሙስ ማታ፣ ሰዎቹ አራት ተማሪዎች፣ የቀረው ምግብ አንድ ጭብጥ ድርቆሽ። ሁለት ጽሑፎች ደርሰውኛል። በአንደኛው ውስጥ አራቱ ልጆች ድርቆሹን ማን ይውሰድ የሚለውን ለመወሰን የፊዚክስ ጥያቄ ይወዳደራሉ፤ መልሱን የሚያውቅ ስለጠፋ ችሎቱ ለነገ ይቀጠራል። እስከዚያ ድርቆሹን ማን ይጠብቀው በሚለው ላይ ደግሞ ሌላ ክርክር ይነሣል። ጽሑፉ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ደራሲዋ አዳራሹ ውስጥ ስላለች፣ መጨረሻውን ከእኔ ይልቅ እሷን ብትጠይቋት ይሻላል። መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው።